በድርድር ውስጥ ያለ ድርድር፤ አንዱ ሲጻፍ ሁሉ የሚለወጥበት ምክንያት

የኮምፒዩተርን ቋንቋ መማር የጀመረ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በድርድር ውስጥ ባለ ድርድር አንዱን ሣጥን ሲሞላ ሌሎቹም አብረው ተሞልተው መገኘታቸው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

ምሳሌውን ከቅርብ እንውሰድ። አንድ ተማሪ የጅማን፥ የአጋሮንና የሊሙ ገነትን ቡና የሚመዘግብ ሠንጠረዥ በፓይተን ቋንቋ ያዘጋጃል እንበል። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ መስመር አለ፤ በየመስመሩም ለእሸት ቡና፥ ለጀንፈልና ለታጠበ ቡና ሦስት ሣጥኖች አሉ። ተማሪው ድካም ለመቀነስ ሲል ዜሮን ሦስት ጊዜ አባዝቶ አንድ መስመር ይሠራል፤ መስመሩንም መልሶ ሦስት ጊዜ ያባዛል። ሠንጠረዡ ሲታይ እንከን የለበትም። ነገር ግን በአጋሮ መስመር፥ በጀንፈል ሣጥን 40 ፈረሱላ ሲጽፍ፥ በጅማም በሊሙ ገነትም 40 ተጽፎ ያገኛል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነውና 680 ኪሎ የነበረው ቡና በድምሩ 2,040 ኪሎ ይሆናል። 1,360 ኪሎ የሌለ ቡና ተመዘገበ ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም።

ነገሩ እንዴት ሆነ? የውጪው ድርድር የሚይዘው መስመሩን ራሱን ሳይሆን መስመሩ የሚገኝበትን አድራሻ ነው። ስለዚህ የተባዛው አድራሻው እንጂ መስመሩ አይደለም። ይህም በአንድ ጆንያ ላይ የሦስት ከተማ ስም ጽፎ ሦስት ጆንያ አለኝ እንደ ማለት ነው።

«ታዲያ ዜሮውስ ተባዝቶ የለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁጥር ግን ውስጡ አይለወጥም፤ 40 ሲጻፍ ሣጥኑ ዜሮውን ትቶ ሌላ ቁጥር ይይዛል እንጂ ዜሮው ራሱ 40 አይሆንም። መስመር ግን ውስጡ የሚለወጥ ነው። እንዲሁም ተማሪው በአንዱ ሣጥን ፈንታ የአጋሮን መስመር በሙሉ በአዲስ መስመር ቢተካ ሌሎቹ አይነኩም። ስሕተቱ አንዳንዴ ታይቶ አንዳንዴ የሚጠፋ የሚመስለውም ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ መስመሩን ማባዛት ትቶ ለየከተማው በየተራ አዲስ መስመር መሥራት ነው። ሠንጠረዥ ሲገለበጥም የላይ ላዩ ግልባጭ አይበቃም፤ የሚተላለፈው አሁንም የመስመሮቹ አድራሻ ነውና፥ እስከ ውስጥ ድረስ መገልበጥ ያስፈልጋል።

የሊሙ ቡና ታጥቦ በመቅረብ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በዚያ መስመር ድንገት የታየ ጀንፈል አገሩን የሚያውቅ ሰው ያጠራጥር ይሆናል። በጅማ መስመር የታየውን ግን ማንም ሳይጠረጥር ያልፈዋል። እንግዲህ መዝገቡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በአንድ ሣጥን ጽፎ የቀሩትን ሁሉ መመልከት ይገባል።