የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒቶችና የአልኮል መጠጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ከጉና ተራራ ደጋ እስከ በሽሎና ዓባይ ቆላ በተዘረጉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች የጨጓራ ሕመም እንግዳ ነገር አይደለም። ጨጓራ የሌለው ሰው ባይኖርም «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ወይም ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ መድኃኒት ቤቶች ኦሜፕራዞል ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። «መጠጥ እንዳትጠጣ» የሚል ማሳሰቢያም አብሮት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሳምንት ሳይሞላ የማኅበር ተራ፣ ሰርግ ወይም ተዝካር ይደርሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ባለቤቱም «በሞቴ» እያለ ይለምናል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሕመምተኛ የሚመርጠው መፍትሔ ጠላውን መተው ሳይሆን የዚያን ቀን ክኒን መተው ነው። ምክንያቱም ሁለቱ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው እንዳይጣሉ መሥጋቱ ነው። ይህ ሥጋት በምን ያህል እውነት ላይ እንደተመሠረተ ለመረዳት አልኮልም ሆነ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚጓዙበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

አልኮል እንደ ምግብ መፈጨት አያሻውም። ከተጠጣው ጥቂቱ በጨጓራ ግድግዳ፣ አብዛኛው ግን በቀጭን አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ስለሆነም መጠጡ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚተላለፍበት ፍጥነት የስካሩን ፍጥነት ይወስናል፤ እንጀራ በልቶ የጠጣ ሰውና በባዶ ሆዱ አረቄ የጨለጠ ሰው እኩል የማይሰክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ደም የገባው አልኮል በዋነኛነት ጉበት ውስጥ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ በተባለው ኢንዛይም አማካይነት አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር፣ ከዚያም በሌላ ኢንዛይም ጉዳት ወደሌለው አሴቴት ይለወጣል። የመጀመሪያው ኢንዛይም በመጠኑም ቢሆን በጨጓራ ግድግዳ ላይ ስለሚገኝ ጥቂቱ አልኮል ወደ ደም ከመግባቱ በፊት እዚያው ይሰበራል።

መድኃኒትና መጠጥ «ይጣላሉ» የሚለው ወሬ ሳይንሳዊ መነሻ ያገኘው በዚህ የጨጓራ ኢንዛይም ላይ ነው። ሲሜቲዲን በእንግሊዝ አገር በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ፣ ለጨጓራ ቁስለት ሕክምና አዲስ ምዕራፍ የከፈተ መድኃኒት ሲሆን፣ ለግኝቱ ፈር የቀደዱት ጄምስ ብላክ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጡ ጥናቶች ሲሜቲዲንና ራኒቲዲን የጨጓራውን ኢንዛይም ሥራ ስለሚያደናቅፉ ጥቂት አልኮል በጠጣ ሰው ደም ውስጥ የአልኮል መጠን ከፍ እንደሚል አመለከቱ። ፋሞቲዲን ግን ይህን አላደረገም። በኋላ የተከተሉት ጥናቶች ልዩነቱ አነስተኛ መሆኑን፣ የተጠጣው መጠን ሲበዛም ፈጽሞ እንደማይታይ አሳዩ። አንድ ዋንጫ ጠላ ብቻ ለሚጠጣ ሰው ውጤቱ ይኖር ይሆናል፤ ዋንጫው በተደጋገመ ቁጥር ግን ጨጓራው የሚሰብረው መጠን ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ራኒቲዲንም ቢሆን በ2020 እ.ኤ.አ. ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል የሚታመን ኤንዲኤምኤ የተባለ ኬሚካል ስለተገኘበት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል።

ኦሜፕራዞል ከዚህ ሁሉ ይለያል። የጨጓራውን አልኮል ሰባሪ ኢንዛይም አይነካም፤ በጉበት የሚሰበረውም በሌሎች ኢንዛይሞች ነው። ከዚህም በላይ፣ አሲድ የሚያፈርሰው መድኃኒት በመሆኑ ጨጓራን ሳይፈታ እንዲያልፍ ተሸፍኖ የተዘጋጀ ነው። የሚፈታው አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ደም ገብቶ ዞሮ በመምጣት የጨጓራ ሴሎች አሲድ የሚያመነጩባቸውን ጥቃቅን ፓምፖች ይዘጋል። እንግዲህ ክኒኑ ከጠላው ጋር ጨጓራ ውስጥ ተገናኝቶ የሚጣላበት አጋጣሚ የለም ማለት ነው። መድኃኒቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ቢጠፋም የዘጋው ፓምፕ መልሶ አይከፈትም፤ ሴሉ አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ መጠበቅ ግድ ነው። የአንድ ቀን ክኒን ሥራ ከአንድ ቀን በላይ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። በበዓሉ ዕለት ጧት ክኒኑን የተወ ሰው፣ በትናንቱ ክኒን ሥራ ላይ ጠላውን እየጠጣ ነውና፣ የፈራውን ግንኙነት በጭራሽ አላስቀረም። ያስቀረው የቁስሉን መዳን ነው።

ይህ ዓይነቱ መተው ይበልጥ የሚጎዳው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለማጥፋት መድኃኒት የታዘዘለትን ሰው ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ለግኝቱ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ይህ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ከሕዝቡ በግማሽ ገደማው ላይ እንደሚገኝ የጥናቶች ድምር ያሳያል። ሕክምናው ኦሜፕራዞልን ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር አቀናጅቶ ከ7 እስከ 14 ቀናት ይሰጣል። መሐል ላይ ሲቆራረጥ ባክቴሪያው ይተርፋል፤ የተረፈውም መድኃኒቱን ይለምዳል።

መጠጡ ግን ከክኒኑ ጋር አይጣላም ማለት ከጨጓራው ጋር ይስማማል ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ጠላና አረቄ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። እንደ ቢራና ወይን ጠጅ ያሉ ተብላልተው ያልተነጠሩ መጠጦች ጨጓራን ብዙ አሲድ እንዲያመነጭ በብርቱ እንደሚቀሰቅሱ የታወቀ ነው፤ ጠላም በአሠራሩ ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። የተነጠረ መጠጥ አሲድ በመቀስቀስ ረገድ ደካማ ነው። ነገር ግን አረቄ፣ በተለይም ዳግም አረቄ፣ የአልኮል ይዘቱ ከጠላ ብዙ እጥፍ ስለሚልቅ ጨጓራውን ከራሱ አሲድ የሚከላከለውን ንፍጥ መሰል ሽፋን በቀጥታ ያቆስላል። ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ይህን ቁስለት አያስቀርም። በደጋው ብርድ «ሆድ ያሞቃል» ተብሎ፣ ወይም ጥሬ ሥጋ ከተበላ በኋላ «ያብርደዋል» ተብሎ የሚወሰደው መለኪያ ለቆሰለ ጨጓራ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። ሙቀቱ የቁስሉ ስሜት ነው።

ዋናው አደጋ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሕመምተኛው ቀድሞ ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ ሆዱ ስለሚያቃጥለው ያቆም ነበር። ክኒኑን ሲጀምር ማቃጠሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ «ድኛለሁ» ብሎም አራተኛውንና አምስተኛውን ይጨምራል። ሕመሙ ቢጠፋም ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ክኒኑን እያስከተሉ ለዓመታት መጠጣትም የራሱ ዕዳ አለው። የጨጓራ አሲድ በውኃና በምግብ የሚገቡ ተዋስያንን የሚገድል ዘበኛ በመሆኑ፣ ሲዳከም የአንጀት ኢንፌክሽን በር ይከፈታል። ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድም ሆነ ዘወትር መጠጣት የሰውነትን ማግኒዚየም ስለሚቀንሱ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ጉድለቱ ይብሳል።

ከአልኮል ጋር በእርግጥ መራራቅ የሚገባቸው መድኃኒቶች ከኦሜፕራዞሉ ጎን በአንድ ፌስታል የሚገኙት ሌሎቹ ናቸው። ሜትሮኒዳዞል፣ ሕዝቡ «ፍላጂል» የሚለው፣ ለአሜባና ለጃርዲያ በብዛት ይታዘዛል፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለው ሰውም በሄሊኮባክተሩ ሕክምና ውስጥ ይገባል። እርሱና ቲኒዳዞል ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠንና ብርቱ ትውከት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ይህ በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ማስረጃውም በቅርብ ዓመታት አከራካሪ ሆኗል። ቢሆንም ከመጨረሻው ክኒን በኋላ 3 ቀናት መታገሥ ብዙ ዋጋ አያስከፍልም። ከዚህ የከፉት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ናቸው። በእርሻ ወገቡን የታመመ ገበሬ፣ ወይም ከማታው አረቄ በኋላ ጧት ራሱን የሚያመው ሰው ያለ ማዘዣ ገዝቶ ይውጣቸዋል። የጨጓራውን ሽፋን ከውስጥ እያዳከሙ፣ አልኮሉ ደግሞ ከላይ እያቆሰለ፣ ቁስሉ መድማት ይጀምራል።

ክኒኑ የሚወሰድበት ሰዓትም በዚህ አካባቢ የተለየ ትኩረት ይሻል። ኦሜፕራዞል በሥራ ላይ ያለን ፓምፕ እንጂ የተኛን ፓምፕ አጥብቆ አይዘጋም፤ ፓምፑን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ምግብ ነው። ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይወሰዳል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ክኒኑን ንጋት ላይ ቢውጠው አብዛኛው ሥራ ይባክናል። ከማዕዱ ግማሽ ሰዓት በፊት መውሰዱ ግን ለሕክምናውም ለጾመኛውም ይቀላል፤ የቀረውን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከራል። በተመሳሳይ ምክንያት ጾሙን በምግብ ሳይሆን በመለኪያ የሚፈታ ሰው ባዶ ጨጓራውን ለአልኮሉ ያጋልጣል።

የቡና አተላ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ፣ ሲቆሙ መፍዘዝና ድንገተኛ ላብ ቁስሉ እየደማ መሆኑን ይጠቁማሉ። ለነፋስ መውጫ ነዋሪ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ከስማዳ ቆላ ለሚመጣው ግን ጉዞው በቃሬዛ ተጀምሮ በመኪና የሚያልቅ ነው፤ ለመሣሪያ ምርመራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የሚላክም አለ። ስለዚህ ሲነጋ እንዲነሡ ተብሎ አይታደርም። ተሸካሚዎቹ በመንገድ ላይ ለሕመምተኛው ምግብም መጠጥም፣ ማበረታቻ ተብሎ የሚሰጥ አረቄም አይሰጡትም። ካስመለሰው በጎኑ ያስተኙታል፤ የጀመረውን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው፣ ምን ያህል እንደጠጣም ሳይሸሽጉ ለሐኪሙ ይነግሩለታል።