የበለሷን ስም ስልኬ አላወቀውም

በረንዳዬ ላይ፣ ባልዲ ውስጥ የተተከለች፣ ገና ጉልበቴ ጋ የደረሰች የበለስ ችግኝ አለችኝ። እሾሃማውን የቁልቋል በለስ አይደለም የምለው፤ የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆነችውን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቅጠሏን ፎቶ አንስቼ ዕፅዋት የሚለይ አፕ ጠየቅሁ። «ብራውን ተርኪ» አለኝ። ሌላ ቅጠሏን ሳነሳ «ብላክ ሚሽን» ሆነች። ሦስተኛው ላይ «ካዶታ»። በአምስት ደቂቃ ሦስት ስም!

አፑ ላይ አልፈርድም። አንዲት በለስ ላይ ያልተከፈለ፣ ሦስት ጣት ያለውና አምስት ጣት ያለው ቅጠል አብረው ሊወጡ ይችላሉ። ችግኝ ስትሆን ወይም ጥላ ሲበዛባት ደግሞ ይብስባታል። ቅጠሉ «በለስ ናት» ለማለት ይበቃል፤ «የትኛዋ በለስ?» ለሚለው ግን አይበቃም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከፎቶው በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ ከቅርንጫፍ ነው የመጣችው ወይስ ከዘር? ከቅርንጫፍ ከሆነ ያቺው የድሮዋ ዛፍ ናት፤ ፍሬዋም ዝርያዋም አይቀየርም። ከዘር ከበቀለች ግን አዲስ ዛፍ ናት፤ የእናቷ ስም አይሰጣትም። ከቱርክ ከሚመጣ ደረቅ በለስ ዘር ካበቀላችሁ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ የወንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ አይበላም። ሴቷም ብትሆን፣ አንዲት ትንሽዬ ተርብ የወንዱን የአበባ ዱቄት ካላመጣችላት ፍሬዋ ሳይበስል ሊረግፍ ይችላል። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የስሚርና በለስ ተክለው በዚሁ ተቸግረዋል። የተገላገሉት ተርቧ በ1899 ከገባችላቸው በኋላ ነው።

ስለዚህ ችግኟን ለሰጠችኝ ለእማዬ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ይቺን በለስ ከየት ነው ያመጣሻት?»

«የድሮው ግቢያችን በለስ ናታ! ቤቱን ልንለቅ ስንል ቅርንጫፏን ቆርጬ ጣሳ ውስጥ ተከልኳት።»

ዝም አልኩ። ያ ግቢ ፈርሷል፣ ዛፏም ተቆርጣለች ብዬ ነበር የማስበው። ለካ እኔው በረንዳ ላይ ናት። ልጅ ስለነበርኩ ጣዕሟን እንጂ መልኳን አላስታውስም።

«ፍሬዋ ምን ይመስል ነበር?»

«ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ቀይ። ምነው ረሳህ?»

ስልኬ ላይ ጻፍኩት። የዝርያ ስሟን ለማወቅ ገና ፍሬዋን መጠበቅ አለብኝ። ያኔ የልጣጩንና የውስጡን ቀለም፣ ከፍሬው ግርጌ ያለችውን ቀዳዳ፣ የምትበስልበትንም ወር አንድ ላይ መዝግቤ አወዳድራለሁ። እስከዚያው ባልዲው ላይ «የእማዬ ግቢ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

እናንተም ቤት ስሟ ያልታወቀ ችግኝ ካለች፣ ከአፑ በፊት የተከላትን ሰው ጠይቁ። ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉ።