ነፃው የይለፍ ቃል ካዝና፦ ተረትና እውነታ

ፓስዎርድ ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም የኢሜይል፣ የባንክ፣ የፌስቡክና የሥራ አካውንቶችን የይለፍ ቃሎች መስጥሮ በአንድ ካዝና ይይዛል። ካዝናው የሚከፈተው በአንድ ዋና የይለፍ ቃል ነው። ሌሎቹን ፕሮግራሙ ራሱ ረጅምና ትርጉም የለሽ አድርጎ ይፈጥራቸዋል፤ በሚፈለጉበት ቦታም ይሞላቸዋል። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ስለ እርሱ የሚወራው ብዙ ነው፤ ገሚሱ ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራል፣ ገሚሱ ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣል።

«ሁሉን በአንድ ቦታ ማከማቸት ለሌባ ማመቻቸት ነው»

ስጋቱ ከምንም የተነሣ አይደለም፤ ነገር ግን ካዝና የማይጠቀም ሰውም ምስጢሩን በየቦታው አልበተነም። ሠላሳ አካውንት ያለው ሰው ሠላሳ የተለያየ የይለፍ ቃል በቃሉ አይዝም። አንዱን፣ አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ቁጥር እየቀያየረ፣ ለሁሉም ይጠቀምበታል። እንዲህ ሲሆን የሠላሳዎቹም ደኅንነት ከመካከላቸው ጥበቃው በላላው ድረ ገጽ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለ ኩባንያ ሲሰረቅ 32 ሚሊዮን ገደማ የይለፍ ቃሎች ሳይመሰጠሩ፣ እንደተጻፉ ወጡ፤ በብዛት የተገኘውም 123456 ነበር። ሌቦች እንዲህ ያለውን ዝርዝር ይዘው በሌሎች ድረ ገጾች ላይ በፕሮግራም ይሞክራሉ። በ2023 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በተባለው የዘረመል ምርመራ ኩባንያ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ ከሌላ ቦታ በተሰረቁ የይለፍ ቃሎች 14,000 ገደማ አካውንቶች ተከፈቱ፤ ደንበኞችን ከዘመዶቻቸው ጋር በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ደግሞ የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወሰደ።

ካዝናዎች ራሳቸው ተሰርቀው አያውቁም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ2022 ላስትፓስ የተባለው ታዋቂ ድርጅት ሁለት ጊዜ ተደፈረ። ሌቦቹ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ኮድ ወሰዱ። ቀጥለው አንድ ከፍተኛ መሐንዲስ ቤቱ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ የሚተይበውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም አስገቡና የደንበኞችን ካዝና መጠባበቂያ ቅጂ ገለበጡ። የይለፍ ቃሎቹ የተመሰጠሩ ቢሆኑም የድረ ገጾቹ አድራሻ አልተመሰጠረም ነበር። ስለዚህ ሌባው የትኛው ካዝና ውስጥ የገንዘብ አካውንት እንዳለ ሳይከፍተው ማየት ይችላል፤ የመረጠውንም ይዞ ቤቱ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያግደው፣ ዋናውን የይለፍ ቃል ሲገምት ይውላል። የአሜሪካ መርማሪዎች በ2025 ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ሰነድ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የዲጂታል ገንዘብ ስርቆትን ከእነዚህ ካዝናዎች ጋር አያይዘውታል።

በዚህ የመገመት ውድድር አጭር ዋና የይለፍ ቃል ያለው ይሸነፋል፤ ረጅምና በዘፈቀደ የወጣ ቃል ያለው ግን ካዝናው ቢገለበጥም የሚከፍትበት ሰው ማግኘት ይቸግራል። በኢትዮጵያ የተለመደው የስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ማድረግ ነው። ቁጥሩ አሥር አኃዝ ቢኖረውም መነሻው 09 ወይም 07 መሆኑ ስለሚታወቅ የሚገመቱት ስምንቱ ብቻ ናቸው፤ ይህም ለእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። ብዙ መስሎ ቢታይም በላላ መንገድ ከተመሰጠረ አንድ የጨዋታ ኮምፒውተር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በአንጻሩ አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 ባወጣው ዳይስዌር በተባለው ዘዴ፣ ዳይስ እየተጣለ 7,776 ቃላት ካሉበት ዝርዝር አምስት ቃላት ይወጣሉ፤ የአማራጩ ብዛት ከ28 ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣል። አምስት ቃላትን ደግሞ ማንም በሳምንት ይለምዳቸዋል።

በአማርኛ ቃላትም መሥራት ይቻላል፤ ቃላቱ ግን በዕጣ ይውጡ እንጂ ከዘፈን፣ ከመዝሙር ወይም ከተረት አይወሰዱ። በላቲን ፊደል የሚጻፉ ከሆነ አጻጻፋቸው ቁርጥ ያለውን መምረጥ ነው፤ «ፀሐይ» በላቲን ሦስት አራት ዓይነት ስለሚጻፍ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው እንደነበር ይጠፋል። የግዕዝ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው፦ ሐን በሀ የተካ ሰው ካዝናው አይከፈትለትም፤ በሰው ኮምፒውተር ላይም የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል።

«ነፃ ከሆነ አይታመንም፣ የተከፈለበት ነው አስተማማኙ»

ላስትፓስ ከፋይ ደንበኞች ነበሩት፤ የእነርሱም ካዝና ከነፃዎቹ ጋር አብሮ ተወስዷል። በታወቁት ድርጅቶች ዘንድ ገንዘብ የሚጨምረው ምቾት ነው፦ ከቤተሰብ ጋር መጋራት፣ ፋይል ማያያዝ፣ የማረጋገጫ ኮድ በዚያው ማመንጨት። ምስጠራው ለነፃውም ለከፋዩም አንድ ነው።

አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው ሦስት ስሞች ይበቃሉ። ኪፓስ ጀርመናዊው ዶሚኒክ ራይክል በ2003 ያወጣው ሙሉ በሙሉ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ካዝናው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የሚቀመጥ አንድ ፋይል ሲሆን የማንም ድርጅት ሰርቨር አያስፈልገውም። ይህንኑ ፋይል በኮምፒውተር ኪፓስኤክስሲ፣ በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ ኪፓስዲኤክስ ይከፍቱታል። ቢትዋርደን ካዝናውን በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ነፃው አገልግሎቱ የይለፍ ቃል ብዛትንም የመሣሪያ ብዛትንም አይገድብም። በ2023 የወጣው ፕሮቶን ፓስም በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው። የሦስቱም ኮድ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ባለሙያ ሁሉ ሊመረምረው ይችላል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ኪፓስ ያጓጓል፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይሠራል። ይሁን እንጂ ፋይሉን ሌላ ቦታ ላይ መገልበጥ የባለቤቱ ሥራ ነው። ያለው አንድ ስልክ ብቻ የሆነና ቅጂ የማያስቀምጥ ሰው ስልኩ በተሰረቀ ዕለት ሁሉንም ያጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቢትዋርደን ይሻለዋል። ስልኩ ላይ የቀረውን ቅጂ ያለ ኢንተርኔትም ማየት ይችላል፤ አዲስ ለመጨመር ብቻ መገናኘት ያስፈልገዋል። ኮምፒውተር ያለውና ፋይል መገልበጥ የማይሰለቸው ኪፓስን ቢመርጥ አይጸጸትም።

ነፃ የሆነ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ በማስታወቂያ የተሞላ አፕ ውስጥ የባንክ የይለፍ ቃል ማስገባት ሞኝነት ነው። የነፃ አገልግሎት ውልም ይለወጣል፦ ላስትፓስ በ2021 ነፃ ደንበኞቹን ከኮምፒውተርና ከስልክ አንዱን ብቻ እንዲመርጡ አስገድዷል። ስለዚህ ካዝናውን ወደ ፋይል አውጥቶ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት የሚቻል መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። የወጣው ፋይል ካልተመሰጠረ ማንም ሊያነበው ስለሚችል ዝውውሩ እንዳለቀ ይሰረዝ።

በብር የሚሠራ ተራ የባንክ ካርድ በውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ስለማይከፍል፣ «ፕሪሚየም» የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቴሌግራም ሻጮች ይሄዳል። ሻጩ በራሱ ስም የከፈተውን አካውንት ካከራየ ወይም የተሰበረ አፕ ከላከ ገዢው ገንዘብ ከፍሎ ቁልፉን አስረከበ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ነፃው ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ማውረጃውም ቢሆን የፕሮግራሙ ትክክለኛ ድረ ገጽ ወይም የስልኩ አፕ መደብር ይሁን፤ በ2023 በጉግል ማስታወቂያ በኩል የኪፓስን ድረ ገጽ የሚያስመስል አድራሻ ተሠርቶ ጎጂ ፕሮግራም ሲያወርድ ተይዟል።

«ብሮውዘሩ ስለሚያስቀምጥልኝ ሌላ አያስፈልገኝም»

የጉግልና የአፕል ማስቀመጫዎች እንደ ድሮው ደካማ አይደሉም፤ ምንም ከማይጠቀም ሰው ይልቅ እነርሱን የሚጠቀም እጅግ የተሻለ ነው። ጥያቄው የጉግል አካውንቱ የማን ነው የሚለው ነው። አዲስ ስልክ ሲገዛ ጂሜሉን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ሻጩ ነው። የይለፍ ቃሉን ያወጣል፣ ካርቶኑ ላይ ይጽፍለታል፣ አንዳንዴም ለማገገሚያ የራሱን ኢሜይል ወይም ስልክ ይመዘግባል። ገዢው ከዚያ በኋላ በክሮም ያስቀመጠው የይለፍ ቃል ሁሉ በዚህ አካውንት ሥር ነው። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው የጂሜሉን የይለፍ ቃል ይቀይር፤ ወደ አካውንቱ የደኅንነት ገጽ ገብቶ የማገገሚያ ስልኩና ኢሜይሉ የራሱ መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ የማያውቀው መሣሪያ ካለም ያስወጣ።

በብሮውዘርም ሆነ በተለየ ካዝና፣ ጥቂት ሰው የሚያውቀው አንድ ጥቅም አለ። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን የሚሞላው አካውንቱ በተመዘገበበት የድረ ገጽ አድራሻ ላይ ብቻ ነው። የባንክ ገጽ አስመስሎ የተሠራ የማጭበርበሪያ ሊንክ የሰውን ዓይን ቢያታልል እንኳ ካዝናው አድራሻው ስለማይገጥምለት ዝም ይላል። ሁልጊዜ የሚሞላ ፕሮግራም በድንገት ዝም ሲል አድራሻውን ሳይመረምሩ የይለፍ ቃሉን ገልብጦ መለጠፍ አይገባም።

ከተረሳስ?

«ዋናውን ብረሳ ድርጅቱ ይልክልኛል» የሚለው ተስፋ ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። እነ ቢትዋርደን ዋናውን የይለፍ ቃል አያውቁትም፤ ስለማያውቁትም ሊልኩ አይችሉም። ኪፓስን በሚመለከት ደግሞ የሚጠየቅ ድርጅትም የለም። ስለዚህ «የይለፍ ቃል በወረቀት መጻፍ ነውር ነው» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ዋናው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከመታወቂያና ከቤት ካርታ ጋር ቢቀመጥ በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ አያገኘውም። ነውሩ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ነው።

የይለፍ ቃልን በየሦስት ወሩ መቀየር የሚለውንም ደንብ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 ትቶታል፤ ሰዎች ሲገደዱ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለሚለውጡ። መቀየር የሚያስፈልገው የመሰረቅ ምልክት ሲታይ ነው።

ካዝና ያለው ሰው ሁለተኛ ማረጋገጫ አያስፈልገውም የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ካዝናው ራሱና ኢሜይሉ ሊኖራቸው ይገባል። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ይሁንና ከሲም ካርዱ ጋር የታሰረ ነው። ከዓረብ አገር ለቆ የተመለሰ ሠራተኛ የዚያ አገር ቁጥሩ ሲዘጋ ኮዱም አብሮ ይቀራል። ኮዱን በስልኩ ላይ የሚያመነጩ ነፃ አፖች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሲመዘገቡ የሚሰጠው የመጠባበቂያ ኮድ ግን ከዚያው ወረቀት ጋር ይቀመጥ።

ካዝና የከፈተ ሰው ሠላሳውን አካውንት በአንድ ቀን መለወጥ አይጠበቅበትም፤ ሌሎቹ ወደ እነርሱ በገባ ቁጥር አንድ በአንድ ይቀየራሉ። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ግን በዚያው ዕለት ይቀየር፤ ብዙዎቹ አካውንቶች «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ሲባሉ መክፈቻውን የሚልኩት ወደ ኢሜይል ነው።