መጽሐፉ ልጁ እጅ ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። የከፈቱት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ነገሌ ቦረና ተወልደው፣ በደርግ ዘመን ተሰደው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት አዩ፤ በአማርኛ የተጻፈ ግን አጡ። እሳቸው ራሳቸው ከትምህርት ቤት መማሪያ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር። ሾላ ከተከፈተ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ መዞር ጀመረ። ጋሪው ሲቆም ልጆች ይከቡት ነበር፤ የወደዱትን አንሥተው እዚያው ቁጭ ብለው ይገልጡ ነበር።

ይህን መሰል ሥራ ሁሌም የሚወራለት በበጎ አድራጎትነቱ ነው። እኔ ግን ከዚያ በላይ ሆኖ ይታየኛል። አንድ የአራት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ አንጎሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሲጠና ቆይቷል፤ ጥናቱም የሚመሰክረው ለጋሪው ነው።

ሰው መናገርን ከአካባቢው ሰምቶ ይለምዳል። ማንበብ እንዲህ አይገኝም። ጽሕፈት ከተፈጠረ ከ5,000 ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ለንባብ የተዘጋጀ ክፍል በአንጎሉ ይዞ የሚወለድ ልጅ የለም። አንጎል ለሌላ ሥራ የነበረውን ቦታ ለንባብ ያውላል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ስታኒስላስ ደሃን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት በብራዚልና በፖርቱጋል የሚኖሩ 63 አዋቂዎችን አንጎል መርምሯል። ከመካከላቸው ጨርሶ ያልተማሩ፣ ጎልምሰው ማንበብ የተማሩና በልጅነታቸው የተማሩ ነበሩ። ማንበብ በሚችሉት ዘንድ በግራው አንጎል ከኋላ በኩል ያለ፣ ፊትንና ዕቃን ለመለየት የሚያገለግል አካባቢ ለፊደል ምላሽ ይሰጥ ጀምሯል። የንግግርን ድምፅ የሚያስተናግደው ክፍል ሳይቀር ተለውጧል። ማንበብ የተማረ ሰው የሚሰማበትም መንገድ ይለወጣል ማለት ነው።

ለውጡ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ የሚጠብቅ አይደለም። ጆን ኸተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸውን 19 ልጆች አንጎልን በሚያነሣ ኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ተረት አሰሟቸው። ቤታቸው መጽሐፍ በብዛት የሚነበብላቸው ልጆች የሰሙትን ወደ ትርጉምና ወደ ምስል የሚቀይረው የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ታይቷል። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ግኝቱ ግን ሌሎች ጥናቶች ከሚሉት ጋር የሚገጥም ነው።

የእኛ ፊደል ብዛቱ ለልጅ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ኤርትራ ውስጥ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ዮናስ መስፍን አስፋሃና ባልደረቦቹ ያደረጉት ንጽጽር ይህን አይደግፍም፤ በግዕዝ ፊደል የተማሩት ልጆች በላቲን ፊደል ከተማሩት ይልቅ ቃላትን በማንበብ ተሽለው ተገኝተዋል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ፊደሉን በገበታ ላይ የሚያውቅ ልጅ ተረት ውስጥ ካላገኘው ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጽሐፍ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ አነባበቡ ይለያል። ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 35 ወር የሆኑ ልጆችን ወላጆች በሁለት ከፈሉ። ሁለቱም ወገኖች ለልጆቻቸው ያነባሉ። አንደኛው ወገን ግን እያነበበ እንዲጠይቅ፣ የልጁን መልስ እንዲቀበልና አስፍቶ እንዲመልስለት ተነገረው። ከአንድ ወር በኋላ የእነዚህ ልጆች የንግግር ችሎታ ከሌሎቹ በስድስት ወርና ከዚያም በላይ ቀድሞ ተገኘ።

በእኛ ቤት ይህ እንዲህ ይሆናል። ሥዕሉ ላይ ጅብ አለ፤ አህያ አለች።

«ይሄ ማነው?»

«አያ ጅቦ!»

«አዎ፣ አያ ጅቦ ቁጥቋጦው ሥር አድፍጧል። አህያይቱ አይታው ይመስልሻል?»

«አላየችውም።»

«ለምን?»

«ሣር እየበላች ነዋ።»

«ጎንበስ ብላ ሣሩን እየጋጠች ነው። ቢነክሳትስ?»

ልጅቷ «ማድፈጥ»ንና «መጋጥ»ን አንድም ትርጉም ሳይነገራት ሰማች። ከዕለታዊ ጨዋታ በቀላሉ የማይገኙ ቃላት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። በእንግሊዝኛ የተደረገ አንድ የታወቀ ቆጠራ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ከ1,000 ቃል 31 ያህሉ ብርቅ ቃላት መሆናቸውን አሳይቷል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ አዋቂዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ግን 17 ያህል ብቻ ነው።

እናቲቱ ፊደል ያልቆጠረች ብትሆንስ? ከላይ ያለውን ጨዋታ ደግመው ይዩት፤ አንድም የተነበበ ቃል የለበትም። «ተረት ተረት» ብላ «የላም በረት» የሚል መልስ እየተቀበለች ያደገች እናት ይህን ጥበብ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ ካየሊትሻ በተባለች የድሆች ሰፈር ዕድሜያቸው በ14 እና በ16 ወር መካከል የሆነ 91 ሕፃናት ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ሥዕላማ መጽሐፍን ከሕፃን ጋር እንዴት እንደሚጫወቱበት ለሳምንታት የተማሩት አሳዳጊዎች ልጆች በቋንቋም፣ ነገርን አተኩሮ በመከታተልም ከሌሎቹ በግልጽ በልጠዋል።

መጽሐፉ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ሱዛን ኒውማንና ዶና ሴላኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ፊላደልፊያ ውስጥ አራት ሰፈሮችን መንገድ ለመንገድ ዞረው የሚሸጡ የልጆች መጻሕፍትን ቆጠሩ። ደኅና ገቢ ባለበት ሰፈር ለአንድ ልጅ 13 ርእስ ሲደርሰው፣ በድሃው ሰፈር አንድ ርእስ ለ300 ልጆች ነበር። ይህ የሆነው በሀብታም አገር፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ነው። የድሃ ወላጅ ግድየለሽነት ተደርጎ የሚቆጠረው ነገር ብዙውን ጊዜ የመጽሐፍ እጦት ነው፤ ይህን በጥብቅ አምናለሁ።

ሆኖም መጽሐፍ ማራገፍ ብቻውን ውጤት አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፊጂ ውስጥ የገጠር ትምህርት ቤቶች 250 ያህል የተረት መጻሕፍት ተሰጧቸው፤ ልጆቹ በየቀኑ ለብቻቸው ወይም ከመምህራቸው ጋር አብረው አነበቡ። በአንድ ዓመት ውስጥ የንባብ ችሎታቸው ከተለመደው በእጥፍ ያህል ፍጥነት አደገ። ሕንድ፣ ካርናታካ ውስጥ የተጠና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም በአንጻሩ በልጆቹ የቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላመጣም። እኔ እንደማየው ቁም ነገሩ መጽሐፉ የዕለት ሥራ መሆኑ ላይ ነው።

በአገራችን ብዙ ቦታ ግን መጽሐፍ ንብረት ነው። መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከጠፋ የሚከፍል ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ ደመወዙን ላለማስነካት ቁምሳጥኑን ይቆልፋል። ማንም ክፉ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ቆላፊን ይሸልማል። ውጤቱ ግን ከዓመት ዓመት ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ሕፃን ያልነካው መጽሐፍ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ያጥፋል፣ ይልሳል፣ ይቀድዳል። መጽሐፍን ሳይገለብጡ መያዝን፣ ገጽን አንድ በአንድ መግለጥን፣ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱን የሚማረው በዚያው ነው።

ጋሪ በማይደርስበት ሰፈር የእድር አዳራሽ አለ፣ የቀበሌ ግቢ አለ፣ አጸደ ሕፃናት አለ። ልጆች በሚናገሩት ቋንቋ የተጻፉ፣ ሥዕል ያላቸው መቶ መጻሕፍት፣ ቅዳሜና እሑድ የማይታጠፍ ሰዓት፣ ከፍ ካሉት ክፍሎች ለትንንሾቹ የሚያነቡ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ ለሳምንት ወደ ቤት ይውሰድ። ከጠቅላላው መጽሐፍ የተወሰነው በየዓመቱ እንደሚቀደድና እንደሚጠፋ ታስቦ ለመተኪያው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ይመደብ፤ ዝርዝሩን የያዘው ሰውም ከኪሱ እንደማይከፍል በጽሑፍ ይነገረው።