ባለቤቱ ፔካ 12፣ ፈረሱ ሞጆ፦ የጋሪ ፈረስን ጤና ከሩቅ መጠበቅ

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ፔካ 12፣ ጭነት የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና ረዳቶች አይታጡም። ከአበሉ ቆጥቦ አገር ቤት ጋሪና ፈረስ የገዛ ሰው፣ ከዚያ ሆኖ ነጂውን ሲደውልለት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ዛሬ ስንት አስገባ?» ከዚህ ጥያቄ በፊት መምጣት ያለበት ግን «ጠዋት በላ ወይ? ፋንድያው ምን ይመስላል?» የሚለው ነው።

ፈረስ ማስመለስ አይችልም። አንጀቱ በደረቅ ጭድ ከተዘጋ ወይም በጋዝ ከተነፋ መውጫ የለውም። መብል መተው፣ ጎኑን ዞሮ ማየት፣ መሬት በእግሩ መጫር፣ መንከባለል፣ ፋንድያ ማቆም የሆድ ቁርጠት ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የታየበት ፈረስ መኖውን አንስቶለት ሐኪም መጥራት እንጂ «እስከ ማታ ይሻለዋል» ብሎ ጋሪ ላይ ማሰር ሞቱን ማፋጠን ነው።

የዚህ ችግር አንዱ መንስኤ የውሃ እጥረት ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ቆሞ ሲውል እንኳ 12 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ በሙቀትና በሥራ ቀን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንዱ ለሥራ ቀን አይበቃም። ማታ ብቻ ማጠጣት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቀን በእረፍት መሃልም ሊያገኝ ይገባል። ላቡ ጨው ስለሚያወጣ ጨው ይላስ።

ፉርሽካ ጥሩ መኖ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት በመሆኑ ለወራት ፉርሽካ ብቻ የበላ ፈረስ አጥንቱ ይዳከማል። ከሣር ወይም ከአልፋልፋ ጋር፣ ውሃ ነክቶት ይሰጠው። አሸዋ ላይ ተበትኖ የተሰጠ መኖ አሸዋውን አብሮ ወደ አንጀት ያስገባልና ገንዳ ወይም ጆንያ ያስፈልጋል።

ሰኮናው በየቀኑ ከጠጠር ይጸዳል፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከረከማል።

በይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የማሰሪያ ቁስል ነው። በላስቲክና በናይሎን ገመድ የተላጠ ትከሻ ወይም ደረት፣ ለጋሪ ፈረሶች መቅሠፍት ለሆነው በፈንገስ ለሚመጣ የሊምፍ ሥር በሽታ በር ይከፍታል። በቆዳ ስር በተርታ የሚወጡ፣ ኋላ የሚፈነዱ እብጠቶች ምልክቱ ናቸው። ገና ሲጀምር ሐኪም በፖታሲየም አዮዳይድ ሊሞክረው ይችላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን የሚድን ጥቂት ነው። የታመመ ፈረስ ማሰሪያና ብሩሽ ለሌላው አይውልም። እብጠት ያለበትን ፈረስ በርካሽ መግዛት፣ የገዛውን ሰው ሌሎች ፈረሶችም ሊያሳጣው ይችላል።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ነው። ትኩሳት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ማበጥ፣ በአፍንጫ አረፋ መውጣት ከታየ በኋላ የሚያተርፍ መድኃኒት የለውም። መከላከያው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ተናካሾቹ ከመብዛታቸው በፊት በየዓመቱ መከተቡ ይበጃል።

ይህ ሁሉ በነጂው እጅ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ነጂው ለባለቤቱ በቀን የተወሰነ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈውን ይወስዳል። ፈረሱ ቢደክም ወይም ቢቆስል ኪሳራው የባለቤቱ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ግን ለነጂው ትርፍ ነው። በዚህ ውል ነጂውን መውቀስ አይጠቅምም። የተሻለው፣ በሳምንት አንድ ቀን ገቢ የማይጠየቅበት እረፍት መስጠትና የመኖውን ወጪ ከዕለቱ ገቢ ውጭ በተለየ ገንዘብ መላክ ነው። አንድ ሳምንት ታሞ የቆመ ፈረስ የወሩን ገቢ ሩብ ያህል ያስቀራል፤ በዚያ ላይ ሥራ ቢፈታም መብላቱን አይተውም።

ከፔካ 12 ለሚከታተል ባለቤት ስልኩ ሌላም ጥቅም አለው፦ የትከሻውን፣ የእግሩንና የፋንድያውን ፎቶ ጠዋት ጠዋት ማስላክ። ፎቶው የሚነሳው ግን ፈረሱ ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ከታሰረ በኋላ ትከሻው አይታይም።