አዲስ ባት እንደ ወይፈን ይገራል
የክሪኬት መምቻ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ለጨዋታ ይዘጋጃል?

እኛ በልጅነታችን የምናውቃቸው ጨዋታዎች እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ገና ናቸው። እዚህ ኬንያ ውስጥ ግን ክሪኬት ሥር የሰደደ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኬንያ ቡድን በዓለም ዋንጫ ላይ፣ በሕንዷ ፑኔ ከተማ፣ ገናና የነበረውን የዌስት ኢንዲስን ቡድን በ73 ሩጫ አሸንፏል። በ2003 ደግሞ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ስለዚህ ልጆቻችን ይህን ጨዋታ ለመሞከር ቢጓጉ አይገርምም።

ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ ዋናው መምቻው ሲሆን በጨዋታው ቋንቋ ባት ይባላል (የእግር ባት እንዳይመስላችሁ!)። አንድ ቡድን መዋጮ ሰብስቦ አዲስ ባት ይገዛል፤ በማግስቱ ሜዳ ይዞት ይወጣል፤ ከዚያ በጠንካራው የቆዳ ኳስ ጥቂት እንደመቱበት ይሰነጠቃል። ሁሉም ሰው “የተበላሸ ዕቃ ሸጡልን” ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው አልተበላሸም፤ ገና አልተገራም ነበር። ወይፈን ከገበያ መጥቶ በዚያው ቀን እርሻ እንደማይገባ ሁሉ፣ አዲስ ባትም በተገዛበት ቀን ለቆዳ ኳስ አይደርስም።

ባት ከምን ይሠራል?

የባት አካል የሚሠራው ከአኻያ እንጨት ነው። በአገራችን በወንዝ ዳር የምናውቀው አኻያ የዚሁ ዛፍ ዘመድ ነው። ለባት የሚመረጠው ዓይነት በብዛት የሚበቅለው በእንግሊዝ አገር ነው፤ በሕንድ በኩል ካለው ካሽሚርም ይመጣል። ዛፉ ተቆርጦ እንደ ማገዶ ፍልጥ ይፈለጥና ለወራት እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያ ባለሙያው ፍልጡን ያስተካክላል፣ ፊቱን በመጭመቂያ ማሽን ይጫናል፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚመጣ ሸንበቆ መሰል ተክል የተሠራውን እጀታ ይሰካል፣ በመጨረሻም በእጅ መላጊያ እየላገ ቅርጽ ያስይዘዋል።

አኻያ ለስላሳና ቀላል እንጨት ነው። ኳሱን አንጥሮ የሚመልሰውም በዚሁ ልስላሴው ነው። የቆዳ ኳስ ግን እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠጣር ነገር ነው። ባለሙያው እንጨቱን ከመጠን በላይ ቢጨምቀው ባቱ ድንጋይ ይሆንና ኳስ አያነጥርም፤ በጣም ትንሽ ቢጨምቀው ደግሞ ይሰረጉዳል። ስለዚህ መካከለኛ አድርጎ ይተወዋል። የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው ባለቤቱ ነው። መግራት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ የፊቱን ጭረቶች በቀስታ እየመቱ እርስ በርሳቸው እንዲጠጋጉና የኳሱን ኃይል ተካፍለው እንዲችሉ ማድረግ።

ሱቅ ስትገቡ

በእጅ የተሠራ ባት አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ዋጋቸውና ምልክታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ባቶች በክብደትም በሚዛንም ይለያያሉ። ስለዚህ በተለጣፊው ውበት አትታለሉ፤ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ክብደት። ለአዋቂ የሚሆን ባት ብዙውን ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። በላይኛው እጃችሁ ብቻ፣ ማለትም ቀኝ መቺ በግራ እጁ፣ ባቱን ወደ ጎን አንስታችሁ ያዙት። ክንዳችሁ ቶሎ ከተንቀጠቀጠ ከብዷችኋል ማለት ነው። “ከባድ ከሆነ ኳሱ ሩቅ ይሄዳል” ብሎ ልጅን ማሸከም ትልቅ ስህተት ነው፤ ልጁ በጊዜ መወዛወዝ ስለማይችል ኳሱን ይስተዋል።

መጠን። ለልጆች በቁጥር የተለዩ ትንንሽ ባቶች አሉ። ቁመቱ በግምት ከ170 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሰው የአዋቂውን ይይዛል። በጨዋታው ሕግ ባት ከ96.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መርዘም፣ ከ10.8 ሳንቲ ሜትር በላይ መስፋት አይችልም። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የጠርዙ ውፍረት ከ4 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል።

የእንጨቱ መስመሮች። ፊቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት መስመሮች ቀጥ ያሉ ይሁኑ። ከጎን ወጣ ብሎ የሚታይ ቀላ ያለ ቀለም ጉድለት አይደለም፤ የዛፉ የውስጠኛው ክፍል ነው። ስንጥቅ ካለ ግን፣ በተለይ በታችኛው ጫፍ ወይም እጀታው ከአካሉ ጋር በተጋጠመበት ቦታ፣ መልሱት።

ዓይነት። የእንግሊዙ አኻያ ቀለል ያለና የተሻለ የሚያነጥር ነው፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ውድ ነው። የካሽሚሩ ጠንከርና ከበድ ይላል፤ ነገር ግን በጣም ይረክሳል። ለጀማሪ ቡድንና ለትምህርት ቤት የካሽሚሩ ይበቃል። ገና በቴኒስ ኳስ ለምትጫወቱ ደግሞ ውዱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በቴኒስ ኳስ የሚመታ ባት መገራትም አያስፈልገውም።

እንዴት ይገራል?

1. ዘይት መቀባት። የሚያስፈልገው ጥሬ የተልባ ዘይት ነው፤ አዎ፣ ያው የምናውቀው ተልባ! ቀለም መሸጫ ውስጥ “የተፈላ” እየተባለ የሚሸጠውን ተዉት፤ ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። የወጥ ዘይትም አይሆንም። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በጨርቅ አድርጋችሁ ፊቱን፣ ጠርዞቹን፣ ጀርባውንና የታችኛውን ጫፍ በስሱ ቀቡ። እጀታውንና መገጣጠሚያውን ዘይት እንዳይነካው፤ ማጣበቂያውን ያላላዋል። ባቱን አግድም አስተኝታችሁ አንድ ቀን አቆዩት። ይህንኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ድገሙት። ዘይት በዛ ማለት ተሻለ ማለት አይደለም፤ ባቱ ይከብዳል፣ ኳስ ማንጠሩንም ያጣል። ፊቱ ላይ ግልጽ ላስቲክ የተለጠፈበት ከሆነ ላስቲኩን አትቀቡ፤ የተገለጠውን እንጨት ብቻ ቀቡ።

2. በእንጨት መዶሻ መምታት። መዶሻ ከሌለ አሮጌ የቆዳ ኳስ ካልሲ ውስጥ ከትቶ መምታት ይቻላል። የብረት መዶሻ ግን በፍጹም! መጀመሪያ በጣም በቀስታ፣ ኋላ ቀስ በቀስ ጠንከር እያደረጋችሁ ፊቱን በሙሉ አዳርሱ። ጠርዙን ቀጥታ ከጎን አትምቱት፤ አግድም አዘንብላችሁ ስሉን ብቻ እየመታችሁ አደንዝዙት። ጀርባውን፣ መገጣጠሚያውንና የታችኛውን ጫፍ ከሥር አትምቱ።

ይህ ሥራ በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ለአንድ ሰው አሰልቺ ነው፤ ለቡድን ግን ቀላል ነው። ሠላሳ ልጆች እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ ቢመቱ ስድስት ሰዓት ይሞላል። ተራ አውጡ፤ አንድ ኃላፊ አጠገብ ቆሞ አመታታቸውን ይከታተል፤ ደቂቃውንም በደብተር ይመዝግብ።

3. መፈተን። ሰው በቅርብ ሆኖ አሮጌ ኳስ ይወርውርላችሁና በቀስታ ምቱ። ኳሱ ፊቱ ላይ ጥልቅ ምልክት ወይም የስፌቱን ቅርጽ ጥሎ ከሄደ ባቱ አልደረሰም፤ ወደ መዶሻው ተመለሱ። ምልክቱ እየጠፋ ሲመጣ ለልምምድ አውጡት፤ ከዚያ በኋላ ነው ውድድር። “ፋብሪካ ውስጥ ተገርቷል” ተብሎ የተሸጠላችሁም ቢሆን አንድ ሰዓት ያህል በእጅ ምቱት።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው ከባቱ ይልቅ ሕይወትን ይመለከታል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ስለሚፈጥር ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት ካምፕ ይኼ ቀልድ አይደለም። ጨርቁን ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ ውስጥ ዘፍቃችሁ ከዚያ ጣሉት። ልጆች ብቻቸውን ዘይት አይቀቡ።

ሁለተኛው ስለ ሙቀት ነው። እንደ ካኩማ ባለ ደረቅና ሞቃት ቦታ እንጨት ቶሎ እርጥበቱን አጥቶ ይሰነጠቃል። ባቱን ፀሐይ ላይ፣ እሳት አጠገብ ወይም ከሚግል ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡት። ዝናብ ሲጥልም የታችኛው ጫፍ ውኃ መጦ እንዳያብጥ እርጥብ መሬት ላይ አታቁሙት። ፊቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ቢታዩ አትደንግጡ፤ ያለ ነው። በመጠቅለያ ፕላስተር ሸፍናችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ስንጥቁ ከጠለቀ ግን ባቱ ይረፍ፤ አናጺ ይየው።

የተዋሰም ይመታል

በባት እጥረት ተስፋ ለምትቆርጡ አንድ እውነተኛ ታሪክ እነሆ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1996 እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ፣ ሻሂድ አፍሪዲ የሚባል የፓኪስታን ተጫዋች በስሪላንካ ላይ በ37 ኳስ ብቻ መቶ ሩጫ አስቆጠረ። ይህ ክብረ ወሰን እስከ 2014 ድረስ ቆይቷል። አፍሪዲ በኋላ እንደተናገረው የመታበት ባት የራሱ አልነበረም። የሕንዱ ሳቺን ቴንዱልካር ይህን የመሰለ እንዲሠራለት ብሎ ለፓኪስታኑ ዋቃር ዩኒስ የሰጠው ባት ነበር። እሱም ከዋቃር ተውሶ መታበት።

እንግዲህ ቡድናችሁ አንድ ባት ብቻ ካለው አያሳፍርም፤ በደንብ የተገራ አንድ ባት ለብዙ ልጅ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ባቱን የሚጠብቅ፣ ቁልፉን የሚይዝ፣ የመዶሻውን ተራ የሚያስከብር አንድ ታማኝ ሰው ምረጡ። የመዋጮው ገንዘብ በአንድ ቀን ችኮላ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እሱ ነው። መልካም ጨዋታ!