የቤተ እስራኤል የኑሮ ሥርዓትና የእኛ ቤት



ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሳሳኝ በመኝታ ክፍላችን የተነሳ ክርክር ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን «አይሁድ በመጽሐፍ ቅዱስ ያሉ ሰዎች ናቸው እንጂ እኛ አገር የት ነበሩ?» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ጎንደር ነበሩ፤ ፈላሻ ይባላሉ፤ ቀጥቃጭ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ሌሊቱን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ነገ ተመድበን የምናስተምራቸው ልጆች ቢጠይቁን ይህንኑ ልንመልስላቸው ነው? ስለሆነም ከመጻሕፍት ያገኘሁትንና በመርሳ ሰፈራችን የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ለንግድ ጎንደር ይመላለሱ የነበሩ አንድ አባት የነገሩኝን አቀናብሬ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስማቸው። ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ፈላሻ የሚለው ሌላው ሰው ያወጣላቸው ስም ሲሆን ፈለሰ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ አገር የሌለው፣ መጤ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ሲጠሩበት ይከፋቸዋል። የኖሩት በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በወልቃይት፣ በሽሬና በመሳሰሉት አገሮች ነው። መጽሐፋቸው ኦሪት ነው፤ የሚያነቡትም እንደ እኛ ቀሳውስት በግዕዝ ነው። የሃይማኖት መሪያቸው ቄስ ይባላል። የጸሎት ቤታቸው ደግሞ መስጊድ ይባላል። ይህን ስነግረው የእስልምና ተከታይ የሆነው የሐብሩ ጓደኛዬ «ምን? የኛው መስጊድ?» ብሎ ተገረመ። ቃሉ ሰገደ ከሚለው ይወጣል፤ መስገጃ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሯቸው ልግባ። የሳምንቱ ኑሮ ሁሉ የሚዞረው በሰንበት፣ ማለትም በቅዳሜ ዙሪያ ነበር። ዓርብ ጧት ሴቶቹ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ወጡን ይሠራሉ፣ ውሃውን ቀድተው ያስቀምጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። መንደሮቻቸው ወንዝ አጠገብ የሚሠሩትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የምድጃው እሳት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አይነድም፣ ውሃ አይቀዳም፣ እንጨት አይሰበርም፣ ከመንደር ርቆ አይኬድም። ምግቡ የሚበላው ቀዝቅዞ ነው። በደጋ ብርድ፣ ጨለማ ጎጆ ውስጥ፣ ያለ እሳት ማደር ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ የሆነ ያውቀዋል።

የመርሳው አባት ሲያጫውቱኝ፣ አንድ ጊዜ ዓርብ ዕለት ማረሻ ሊያሠሩ ከአንድ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ዘንድ ይሄዳሉ። ሰውዬው ቀትር ሲያልፍ ወናፉን አቁሞ «እሁድ ይምጡ» አላቸው። እሁድ ደግሞ ለእሳቸው ሰንበት ነው። «የእሱ ቅዳሜና የእኔ እሁድ ተደራርበው ሰኞ ድረስ ሰው ቤት አሳደሩኝ» ይላሉ እየሳቁ።

ነገር ግን ቅዳሜ ለእኛስ ባዕድ ነው ወይ? የኦርቶዶክስ ተከታይ አያቶቻችን ቀዳሚት ሰንበት ብለው ያከብሯታል። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቶቻቸው ቅዳሜ እንደ እሁድ ትከበር በማለታቸው ብዙ ተንከራተዋል። በኋላ ግን በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባስደረጉት ጉባኤ የሁለቱም ሰንበታት መከበር ጸደቀ። በእናቴ ቤት ቅዳሜ እህል አይፈጭም፤ ምክንያቱን ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ንጽሕና ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። የወለደች ሴት ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ይህ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ሥርዓት ነው። እስቲ አስቡት፤ በእኛስ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን አይደለም እንዴ ክርስትና የሚነሱት? ቁጥሩን የወሰድነው ከአንድ መጽሐፍ ነው። የወር አበባ ያየች ሴት ደግሞ በድንጋይ በታጠረ የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጥና ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ምግብ የሚያቀርቡላትም ሳይነኳት ነው። በበኩሌ ይህ ለሴቶቹ ቀላል አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የሴቶቹን ትዝታ የመዘገቡ ጽሑፎች ሲነበቡ አንዳንዶቹ ከፈጪና ከቁፈራ የሚያርፉበት፣ ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር የሚጨዋወቱበት ጊዜ እንደነበር ይናገራሉ። ፍርዱን ለእህቶቻችን እተዋለሁ።

ከውጭ ሰው ጋር የነካካም ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ጎረቤቶቻቸው ይህን ሥርዓት «አትንኩኝ» ይሉታል። ሌላው ያረደውን ሥጋ አይበሉም፤ ደም ስላለበትም ጥሬ ሥጋ አይነኩም። ይህ ለወሎ ሰው አይገርመውም። የክርስቲያንና የእስላም ቢላ ተለይቶ በአንድ ድግስ ላይ ሁለት ዳስ ሲጣል አይተን አድገናል።

በዓላቸውም ብዙ ነው፤ ከሁሉ ግን ስግድን ላንሳ። ከማስተሥረያ በዓል 50 ቀን ቆጥረው ይጾሙና ነጭ ለብሰው ኦሪቱን ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቹ ከኦሪትና ከመጽሐፈ ነህምያ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለስ ይለምናል። ከቀትር በኋላ ወርደው ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ጎንደር አጠገብ ያለው አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀ ነበር።

ልመናቸውም ተፈጸመ። እስራኤል በ1967 ዓ.ም. የመመለስ ሕጓ እነርሱንም እንደሚያጠቃልል ተቀበለች። በሺህ የሚቆጠሩት በእግር ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ በመንገድና በመጠለያ ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉት በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሄዱ። እዚያ የጠበቃቸው ነገር ግን እንዳሰቡት አልነበረም። ራቢዎቹ አይሁድነታቸውን እየተጠራጠሩ «ውሃ ገብታችሁ ንጹ» አሏቸው። በየሳምንቱ ዓርብ ወንዝ የሚወርደውን ሕዝብ! በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በፎቅ ቤት የመርገም ጎጆ አይሠራም፤ ያም ቀረ። ስግድ ግን አልቀረም፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ሆኗል።

ወደ መኝታ ክፍላችን ክርክር ልመለስ። «ቡዳ» የተባለው ከየት መጣ? በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትና ያልተነሳ የአባቱን ርስት አይወርስም መባሉ ይተረካል። መሬት ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል። ገበሬው ማረሻውንና ምጣዱን ከእነርሱ እየገዛ፣ እሳት የሚገዛ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ፈራቸው። ይህ ስም በቤተ እስራኤል ላይ ብቻ አልቀረም። በየአገሩ፣ በእኛም አውራጃ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ በእጁ በሚሠራ ሁሉ ላይ ተለጥፏል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቱ ቀጥቃጭ የሆነ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። ከኋላ ወንበር ብቻውን ይቀመጣል። ውሃ ከጠጣበት ጣሳ አንጠጣም፤ እኔም አልጠጣም ነበር። ከአባቱ የተገዛው ማረሻ ግን እቤታችን ነበር። መምህራችን በየቀኑ ያዩት ነበር፤ አንድም ቀን ግን መቀመጫችንን አልቀየሩም። አምስተኛ ክፍል ስንገባ ልጁ አልመጣም።